ጃፓንኛ በወርድ መጻፍና ማንበብ፦ ሳጥኑ፣ ዝባዝንኬውና ፉሪጋናው

ጥያቄ ከ፦ ጀማሪ_ካንጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓንኛ በኮምፒውተር መጻፍም፣ ከሌላ ሰው የመጣ የጃፓንኛ ፋይል ማንበብም አስቸግሮኛል። ያለኝ ዊንዶውስ 11 እና ወርድ ነው፤ ኪቦርዱ ተራው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ነው።

ጃፓንኛን ከሴቲንግ ውስጥ አስገብቻለሁ። ግን አንዳንዴ ጃፓንኛ ተመርጦም ላቲን ብቻ ይጽፋል። ሂራጋና (የድምፅ ፊደሉን) ሲጽፍም «ኮንኒቺዋ» ልል ስል «ኮንኢቺዋ» ይወጣል። ካንጂ (ከቻይና የመጡት የቃል ምልክቶች) ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልፈለግሁትን ያመጣል፤ አጥፍቶ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መንገድ አለው?

የሚደርሱኝ ፋይሎች አንዱ ባዶ ሳጥን ይደረድራል፣ አንዱ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ነው፣ አንዱ የጥያቄ ምልክት ብቻ። ፎንት ስቀይር የሳጥኑ ተስተካከለ፤ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም።

የመጨረሻው ፉሪጋና ነው። ካንጂው አናት ላይ ንባቡን በትንንሽ ሂራጋና ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ቁልፉን ወርድ ውስጥ አላገኘሁትም። ፉሪጋና ያለበት ፋይል ስከፍትም የመስመሮቹ ርቀት አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው።

ምን መጫን እንዳለብኝ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደዚያ እንደሚሆንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


መልስ ከ፦ ባለፊደሉ

ሰላም ጀማሪ። እኔ ስለ አጻጻፉ ብቻ ልመልስ፤ የፋይሉን ነገር ጠንቅቀው የሚያውቁ እዚህ አሉ።

በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ጃፓንኛ የሚጽፍልህ ፕሮግራም አይኤምኢ ይባላል። ሥራው ሁለት እርከን አለው። የምትጽፈውን የላቲን ድምፅ እዚያው ወደ ሂራጋና ይቀይራል፤ ስፔስ ስትጫን ደግሞ ሂራጋናውን ወደ ካንጂ ይቀይራል። ኢንተር እስክትጫን ድረስ ከቃሉ ሥር መስመር ይታያል። ያ መስመር እስካለ ድረስ ቃሉ አልጸደቀም፤ እንደልብህ ልታርመው ትችላለህ። ይህ አሠራር የቆየ ነው፤ ቶሺባ በ1978 ያስተዋወቀው ጄደብሊው-10 የተባለው የመጀመሪያው የጃፓንኛ ጽሑፍ ማቀናበሪያ መሣሪያም ቃናውን (የድምፅ ፊደሉን) ጽፎ ወደ ካንጂ በመቀየር ነበር የሚሠራው።

ላቲን ብቻ የሚጽፍብህ መቀየሪያው ሁለት ስለሆነ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ስትጫን የምትቀይረው ቋንቋውን ነው። ጃፓንኛ ከተመረጠ በኋላ ደግሞ አይኤምኢው ራሱ የላቲንና የሂራጋና ሁኔታ አለው፤ ከታች ሰዓቱ አጠገብ የላቲን ኤ ወይም ሂራጋናው «አ» ይታያል። ይህን የምትቀይረው አልትን ይዘህ ከኢስኬፕ ሥር ያለችውን ቁልፍ በመጫን ነው። ኮንትሮል ከካፕስ ሎክ ጋር ሂራጋና፣ አልት ከካፕስ ሎክ ጋር ካታካና (ለባዕድ ቃላት የሚውለውን ሌላውን የድምፅ ፊደል) ያመጣል። ድንገት ሁሉም ነገር ካታካና ከሆነብህ ሁለተኛውን ነክተሃል ማለት ነው።

አንድ ነገር አብረህ አረጋግጥ። ሺፍትና 2 ስትጫን የኢሜይሏ ምልክት ቀርታ የጥቅስ ምልክት ከመጣ፣ ዊንዶውስ ኪቦርድህን የጃፓን ኪቦርድ አድርጎ ቆጥሮታል። ሴቲንግ ውስጥ የጃፓንኛ «ላንጉጅ ኦፕሽንስ» ገብተህ የኪቦርድ ሌይአውቱን 101/102 ቁልፍ ወዳለው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ቀይርና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳ።

አሁን ወደ «ኮንኒቺዋ» እንምጣ። ኤን የምትባለዋ ፊደል ለብቻዋ «ን» ትሆናለች፤ ከአናባቢ ጋር ደግሞ «ና፣ ኒ፣ ኑ» ትሆናለች። አይኤምኢው የትኛውን እንደፈለግህ የሚያውቀው ቀጥሎ በምትጽፈው ነው። ሁለት ኤን በተከታታይ ስትጽፍ «ን» ብሎ ይዘጋዋል፤ ቀጥሎ አይ ስትጽፍ «ኢ» ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ኬ፣ ኦ፣ ከዚያ ሦስት ኤን፣ ከዚያ አይ መሆን አለበት። መጨረሻዋ «ዋ» ደግሞ በደብሊው አትጻፍም፤ እዚያ ቦታ ላይ በ«ሃ» ስለምትጻፍ ኤች እና ኤ ነው የምትጫነው። የኤን ነገር ትርጉም ይለውጣል። «ኪንኤን» ማጨስ ክልክል ነው፣ «ኪኔን» መታሰቢያ ነው፤ ልዩነታቸው መሐል ላይ አንድ ተጨማሪ ኤን ብቻ ነው።

ሌሎቹ ቶሎ የሚለመዱ ናቸው። የሚጠብቅ ድምፅ ተነባቢውን በመድገም ይጻፋል። «ጋኮ» (ትምህርት ቤት) ጂ፣ ኤ፣ ኬ፣ ኬ፣ ኦ፣ ዩ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ዩ ካልተጻፈች ቃሉ አይገኝም፣ ምክንያቱም ረጅሙ «ኦ» በሂራጋና ሲጻፍ «ኡ» ይጨመርበታል። ትንሿን «ጹ» (የማጥበቂያዋን ምልክት) ለብቻዋ ከፈለግህ ኤክስ ወይም ኤል አስቀድመህ ቲ እና ዩ ጻፍ። ተሳቢ ላይ የምትገባዋ «ኦ» ደብሊው እና ኦ ናት። «ጹዙኩ» (መቀጠል) ውስጥ ያለችው «ዙ» ዲ እና ዩ ናት፣ በዚ ከጻፍካት ካንጂው አይመጣም። የካታካና ማስረዘሚያ ከዜሮ ቀጥላ ያለችው የሰረዝ ቁልፍ ናት።

ያልፈለግኸው ካንጂ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቃል በቃል እየቆረጥክ ስፔስ ስለምትጫን ነው። «ሃሺ» ብቻ ብትጽፍ ድልድይ፣ መብያ እንጨት ወይም ጠርዝ ሊሆን ይችላል፤ «ሃሺ ኦ ዋታሩ» (ድልድይ መሻገር) ብለህ ሙሉውን ጽፈህ ስፔስ ብትጫን ግን ግሡን አይቶ ድልድዩን ይመርጣል። ሐረግ ሐረግ እያልክ ጻፍ።

ሐረጉን የሚቆርጥበት ቦታ ሲሳሳት ደግሞ አትሰርዝ። «ኮኮ ዴ ሃኪሞኖ ኦ ኑጉ» እዚህ ጫማ ይወልቃል ማለት ነው፤ «ኮኮ ዴዋ ኪሞኖ ኦ ኑጉ» እዚህ ልብስ ይወልቃል። በሂራጋና ሁለቱም ፊደል በፊደል አንድ ናቸው። ስፔስ ተጭነህ የተሳሳተውን ካመጣ፣ በቀኝና በግራ ቀስት ወደ ሐረጉ ሂድ፤ ከዚያ ሺፍትን ይዘህ በቀስቱ ሐረጉን አስረዝም ወይም አሳጥር፣ እንደገና ስፔስ ተጫን። ቀድሞ በኢንተር የጸደቀ ቃል ከሆነ ምረጠውና የዊንዶውስን ቁልፍ ከስላሽ ጋር ተጫን፤ አማራጮቹ ይመለሳሉ።

መስመሩ ገና ከሥር እያለ ኤፍ6 ሂራጋና፣ ኤፍ7 ካታካና፣ ኤፍ8 ጠባብ ካታካና፣ ኤፍ9 ሰፊ ላቲን፣ ኤፍ10 ተራ ላቲን ያደርገዋል። ላፕቶፕ ላይ ድምፅና መብራት የሚቀይሩ ከሆነ ከኤፍኤን ቁልፍ ጋር ተጫናቸው። ንባቡን የማታውቀው ካንጂ ሲገጥምህ ሰዓቱ አጠገብ ያለችው «አ» ላይ በቀኝ ክሊክ «አይኤምኢ ፓድ» አለልህ፤ በማውስ ሳለውና የሚመሳሰሉትን ያወጣልሃል። የጭረቱ ቅደም ተከተል ትንሽ ቢዛባም ያገኘዋል፣ የጭረቱ ብዛት ከተሳሳተ ግን ይቸገራል።


መልስ ከ፦ ጥቁር_ቀለም

ፎንት ሲቀየር አንዱ ብቻ የተስተካከለው ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ ነው። ሳጥን ሲታይ ጽሑፉ ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ፎንቱ ነው። ዝባዝንኬ ሲታይ ጽሑፉ አለ፣ ግን በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደሎች በፋይሉ ውስጥ በቁጥር የሚጻፉበት ሥርዓት) እየተነበበ ነው። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ጽሑፉ ሴቭ ሲደረግ ጠፍቷል፤ ከላኪው እንደገና ከመጠየቅ በቀር መፍትሔ የለውም።

የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ለማወቅ ወርድ ውስጥ ከአንዱ ምልክት ቀጥሎ ጠቋሚውን አቁምና አልት እና ኤክስ ተጫን። ምልክቱ ወደ ቁጥሩ ይቀየራል። ቁጥሩ 3042 ከሆነ ሂራጋናው «አ» ነው፤ በ30 የሚጀምሩት ሂራጋናና ካታካና ናቸው፣ ካንጂዎቹ በአብዛኛው ከ4ኢ00 እስከ 9ኤፍኤፍኤፍ ባለው ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር ካገኘህ ፎንት ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። 003ኤፍ ካመጣ ግን እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ነው፣ ከኋላው የተደበቀ ምንም የለም። እንደገና አልት እና ኤክስ ስትጫን ቁጥሩ ወደ ምልክቱ ይመለሳል።

ዝባዝንኬው ላይ ልቆይ፣ እዚህ ጋ ነው ሰው ፋይሉን የሚያበላሸው። መጀመሪያ፦ የተዝረከረከ ሆኖ የተከፈተን ፋይል ሴቭ አታድርግ። ዝም ብለህ ዝጋው፤ ዋናው አልተነካም።

የጃፓንኛ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከአራት በአንዱ ተጽፎ ሊመጣ ይችላል፦ ዩቲኤፍ-8፣ ሺፍት-ጂስ፣ ኢዩሲ-ጄፒ እና አይኤስኦ-2022-ጄፒ። ዝባዝንኬው ራሱ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። በጃፓንኛ ጽሑፍ ውስጥ ሂራጋና ስለሚበዛ፣ የሂራጋናው የመጀመሪያ ባይት (ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈበት ቁጥር መጀመሪያ) ደጋግሞ ይታያል። ማዕበል የመሰለ ምልክት የተደፋባት ትንሿ የላቲን ኤ በየሦስት ምልክቱ ግድም ከተደጋገመች ዩቲኤፍ-8 ነው። ከመስመር ሥር ዝቅ ብላ የተቀመጠች ነጠላ ጥቅስ፣ ኮማ የምትመስለው፣ ከተደጋገመች ሺፍት-ጂስ ነው፤ ሂራጋናው በባይት 82 ስለሚጀምር ነው። ካታካናው በ83 ስለሚጀምር ደግሞ ጭራዋ የተጠማዘዘ ኤፍ ትመጣለች። አራት ጨረር ያላት ትንሽ ክብ ምልክት ከበዛች ኢዩሲ-ጄፒ ነው። የዶላር ምልክት ከበዛ አይኤስኦ-2022-ጄፒ ነው፣ የድሮ ኢሜይሎች ላይ የሚገኘው። ላቲን ቀርቶ የማይገናኙ ከባባድ ካንጂዎች ከተደረደሩና አንዱ ካንጂ በየመሐሉ ከተመላለሰ፣ ዩቲኤፍ-8 የሆነ ፋይል ሺፍት-ጂስ ተብሎ ተከፍቷል።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ወርድ ውስጥ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ግባና መጨረሻ አካባቢ «ጄኔራል» ሥር ያለውን «ኮንፈርም ፋይል ፎርማት ኮንቨርዥን ኦን ኦፕን» የሚለውን ምረጥ። ከዚያ ፋይሉን ከወርድ ውስጥ ክፈት። ምን ዓይነት ፋይል እንደሆነ ሲጠይቅህ ኢንኮዲንግ ያለበትን የጽሑፍ ዓይነት ምረጥ፤ በሚመጣው መስኮት ላይ «አዘር ኢንኮዲንግ» ብለህ ከዝርዝሩ «ጃፓኒዝ (ሺፍት-ጂስ)» ወይም የደረስክበትን ምረጥ። ከሥሩ ናሙናው ይታያል፤ ጃፓንኛ ሆኖ ሲነበብ ብቻ ኦኬ በል። ከዚያ እንደ ወርድ ሰነድ ሴቭ አድርገው። የአሁኑ የወርድ ፋይል ውስጡ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጥ አንድ የጋራ ሥርዓት) ስለሆነ ይህ ጣጣ ዳግም አይነሳም። የወርድ ሰነዱ ራሱ ዝባዝንኬ ከያዘ ግን ጽሑፉ ኮፒ ተደርጎ ሲገባ ቀድሞውኑ ተበላሽቶ ነበር፤ ወደ ዋናው ፋይል ተመለስ።

የጥያቄ ምልክቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጃፓንኛውን በኖትፓድ «አንሲ» በሚለው ሴቭ ከማድረግ ነው። የምዕራባውያን ቋንቋ በተመረጠበት ዊንዶውስ ላይ አንሲ ለካንጂ ቦታ የለውም፣ ስለዚህ እያንዳንዱን በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ዊንዶውስ 10 «1903» ከተባለው እትሙ ጀምሮ ኖትፓድ በራሱ ዩቲኤፍ-8 ይመርጣል፤ ላኪህ ከዚያ በፊት የነበረ የሚጠቀም ከሆነ ሴቭ አዝ ብሎ ዩቲኤፍ-8 እንዲመርጥ ንገረው።

ስለ ፎንቱም ጥቂት። ሴቲንግ መፈለጊያ ላይ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ብለህ ግባና «ጃፓኒዝ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጫን፤ ሜይርዮ፣ ኤምኤስ ሚንቾና ዩ ሚንቾ ከዚያ ነው የሚመጡት። ፎንቱ ከተጫነ በኋላ ካንጂው ቢነበብም ቅርጹ እንግዳ ከሆነብህ የቻይንኛ ፎንት ገብቶበታል። ዩኒኮድ ለጃፓንኛና ለቻይንኛ ካንጂ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ነው የሰጠው፤ ቅርጹን የሚወስነው ፎንቱ ነው። ለምሳሌ ቁጥሩ 76ኤፍ4 የሆነው «ቀጥ ያለ» የሚለው ካንጂ በጃፓንኛ ፎንት ከግራ ወደ ታች ወርዶ የሚታጠፍ መስመር አለው፤ በቻይንኛው ያ መስመር የለም። ለሚማር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ በተሳሳተው ቅርጽ እጁ ይለምዳል። ጽሑፉን መርጠህ ኮንትሮል እና ዲ ተጫን፣ «ኤዥያን ቴክስት ፎንት» ላይ ዩ ሚንቾ ወይም ዩ ጎቲክ አድርግ።


መልስ ከ፦ መስመር_ጠባቂ

ፉሪጋናውን እኔ ልውሰደው።

ቁልፉን ያላገኘኸው ወርድ የእስያ ቋንቋ መሣሪያዎቹን ካልጠየቅኸው ስለማያወጣ ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ላንጉጅ ውስጥ ጃፓንኛን የመጻፊያ ቋንቋ አድርገህ ጨምርና ወርድን ዘግተህ ክፈት። ሆም ታብ ላይ ከፎንቱ ጋር «ፎኔቲክ ጋይድ» የሚል ቁልፍ ይመጣል። ካንጂውን መርጠህ ስትጫነው ንባቡን ራሱ ሞልቶ ያሳይሃል።

የሞላውን ሳታነብ አትለፈው። ንባቡን የሚያመጣው ከአይኤምኢው መዝገበ ቃላት ነው፣ ዐረፍተ ነገሩን አይረዳም። «አንድ ቀን» ተብሎ የሚጻፈው ካንጂ «ኢቺኒቺ» ሲሆን የአንድ ቀን ርዝመት ነው፣ «ጹይታቺ» ሲሆን የወሩ የመጀመሪያ ቀን ነው። የተሳሳተ ከሆነ በቀኝ በኩል ባለው ሳጥን ላይ በእጅህ አስተካክል። እዚያው «ግሩፕ» እና «ሞኖ» የሚሉ ቁልፎች አሉ። ሞኖ ንባቡን ለእያንዳንዱ ካንጂ ይከፋፍላል፤ ግሩፕ በቃሉ ሙሉ ላይ ያስቀምጠዋል። «ክዮ» (ዛሬ) እና «ኦቶና» (አዋቂ) የመሳሰሉት ንባባቸው ለካንጂ ለካንጂ ስለማይከፈል ግሩፕ መሆን አለባቸው።

የመስመሩ መዛባት መነሻው ሁለት ነው፣ አትቀላቅላቸው። አንደኛው ፉሪጋናው ራሱ ነው። የመስመር ርቀቱ «ሲንግል» ከሆነ ወርድ ፉሪጋና ያለበትን መስመር ብቻ ከፍ ያደርገዋል፣ የሌለበት እንደነበረ ይቀራል። አንቀጾቹን ሁሉ መርጠህ ፓራግራፍ መስኮት ላይ ላይን ስፔሲንግን «ኤግዛክትሊ» አድርግ። ለ10.5 ፖይንት ጽሑፍና ለ5 ፖይንት ፉሪጋና 18 ፖይንት ይበቃል፤ ለ12 ፖይንት ጽሑፍ 22 አድርገው። ካነሰ የፉሪጋናው አናት ይቆረጣል።

ሁለተኛው ፉሪጋና በሌለበትም ይመጣል፣ ከጃፓን በመጣ ሰነድ ላይ በተለይ። በጃፓንኛ ወርድ የተሠራ ሰነድ ከበስተጀርባው የመስመር ፍርግርግ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ርቀቱ 18 ፖይንት ነው። የዩ ሚንቾ የመስመር ቁመት የፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ ገደማ ነው። በ10.5 ፖይንት ከ18 በታች ሆኖ አንድ መስመር ውስጥ ይገባል። ወደ 11 ስታሳድገው 18ን ያልፍና ሁለት መስመር ይይዛል፤ ርቀቱ በአንዴ እጥፍ ይሆናል። ፎንቱን ግማሽ ፖይንት ብቻ ጨምሮ ገጹ ሲፈነዳ ያየ ሰው ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል፤ አልተበላሸም። ፓራግራፍ መስኮት ላይ «ስናፕ ቱ ግሪድ ዌን ዶኪዩመንት ግሪድ ኢዝ ዲፋይንድ» የሚለውን ምልክት አንሳ፣ ይመለሳል። በስታይሉ ላይ ካነሳኸው ደግሞ አንቀጽ በአንቀጽ ከመልቀም ትድናለህ።

እግረ መንገዴን፦ በቃላት መካከል ስፔስ አታስገባ፣ መስመሩ ዳር ሲደርስም ኢንተር አትጫን። የጃፓንኛ ነጥብ፣ ኮማና መዝጊያ ቅንፍ መስመር መጀመር የለባቸውም፤ መክፈቻ ቅንፍ መስመር ላይ መጨረሻ መሆን የለበትም። ይህን ወርድ ራሱ ያስተካክላል፣ በእጅ ከቆረጥከው ግን አይችልም። የአንቀጽ መግቢያ አንድ ፊደል ያህል ነው፤ በስፔስ ሳይሆን ፓራግራፍ ውስጥ «ፈርስት ላይን» 1 ፊደል ብለህ ስጠው።


መልስ ከ፦ ጀማሪ_ካንጂ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሦስታችሁንም። ዝባዝንኬው ያቺ ዝቅ ያለች ጥቅስ የሞላባት ነበረች፤ ሺፍት-ጂስ ስለው ቁልጭ ብሎ ተነበበ። የመስመሩም ፍርግርጉ ነው።

ሌሎች ጥያቄዎች አሉኝ። ከፒዲኤፍ ኮፒ ያደረግሁት ጽሑፍ ዓይን ሲያየው ትክክል ነው፣ ግን ወርድ ውስጥ ቃሉን ጽፌ ስፈልግ «አልተገኘም» ይለኛል። ከላይ ወደ ታች መጻፍስ? ቁጥሮቹ ተጋድመው ይቀመጣሉ። ወርድ የሌለው ሰውስ በሊብሬኦፊስ ይህን ሁሉ መሥራት ይችላል?


መልስ ከ፦ ጥቁር_ቀለም

የፒዲኤፉ ነገር ብዙ ሰው ያላወቀው ወጥመድ ነው። ዩኒኮድ ውስጥ ከመደበኛዎቹ ካንጂዎች ሌላ የመዝገበ ቃላት ሥርወ-ካንጂዎች (ካንጂዎች የሚመደቡባቸው መሠረታዊ ቅርጾች) የተቀመጡበት ክፍል አለ፣ ቁጥራቸው በ2ኤፍ ይጀምራል። «ፀሐይ» የሚለው ካንጂ በመደበኛው 65ኢ5 ነው፣ በዚያ ክፍል ደግሞ 2ኤፍ47 ነው። ብዙ ፎንት ለሁለቱም አንድ ሥዕል ስለሚጠቀም፣ ፒዲኤፉን የሠራው ፕሮግራም ከሥዕሉ ወደ ቁጥሩ ሲመልሰው የተሳሳተውን ይመርጣል። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለፍለጋ ግን የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ከካንጂው ቀጥለህ አልት እና ኤክስ ተጫን፤ በ2ኤፍ የሚጀምር ከመጣ ያ ነው። በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ የተሳሳተውን ኮፒ አድርገህ ላይኛው ሳጥን ላይ አስገባ፣ በአይኤምኢ የጻፍከውን ከታች፣ ሁሉንም ተካ። ብዙውን ጊዜ የሚጠቁት ቀላሎቹ ናቸው፦ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ሰው፣ ውሃ፣ ትልቅ።

ቁጥሩ መደበኛ ሆኖ አሁንም ካልተገኘ የሰፊና የጠባብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ላቲንና አሃዝ በጃፓንኛ ጽሑፍ ውስጥ በሁለት ስፋት ይጻፋሉ፣ ካታካናም እንዲሁ። ጽሑፉን መርጠህ ሆም ታብ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል በምትቀይርበት ቁልፍ ውስጥ «ሀፍ ዊድዝ» እና «ፉል ዊድዝ» አሉ፤ ወደ አንዱ አስተካክላቸው።


መልስ ከ፦ መስመር_ጠባቂ

ከላይ ወደ ታች ለመጻፍ ሌይአውት ታብ ላይ ቴክስት ዳይሬክሽን ገብተህ ቨርቲካል በል፤ ዓምዶቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ባለሁለት አሃዝ ቁጥር ለማቆም አሃዞቹን ምረጥ፣ ሆም ታብ ላይ «ኤዥያን ሌይአውት» ውስጥ «ሆሪዞንታል ኢን ቨርቲካል» ተጫን፣ «ፊት ኢን ላይን» የሚለውን ምልክት አድርግበት። ሁለቱ አሃዞች ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ፊደል ቦታ ይገባሉ። ከሁለት በላይ ከሆኑ አይነበቡም፤ በካንጂ ቁጥር ጻፋቸው፣ ወይም እያንዳንዱን አሃዝ ሰፊ አድርገህ ለብቻው አቁመው።

ወደ ቁም ጽሑፍ ስትቀይር የካታካናው ማስረዘሚያ ተጋድሞ ከቀረ ፊደሉ ማስረዘሚያ አይደለም፣ አንድ ሰው በሚመስለው ሌላ ምልክት ጽፎታል። ትክክለኛው ማስረዘሚያ ቁጥሩ 30ኤፍሲ ነው፣ ራሱ ይቆማል።


መልስ ከ፦ ነፃ_ሰሌዳ

ሊብሬኦፊስ ይችላል፣ ጥቂት ልዩነት አለው። ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ «ላንጉጅስ ኤንድ ሎኬልስ» ውስጥ (በቀደሙት እትሞች «ላንጉጅ ሴቲንግስ» ነው) «ኤዥያን» የሚለውን ምልክት አድርግና ጃፓንኛን ምረጥ። ከዚያ በኋላ ፎርማት ሜኑ ውስጥ «ኤዥያን ፎኔቲክ ጋይድ» ይመጣል። ንባቡን እንደ ወርድ አይሞላልህም፣ ራስህ ትጽፋለህ። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ለሚማር ሰው ንባቡን በእጁ መጻፉ ይሻለዋል፣ ከላይ የተነገረው የተሳሳተ ንባብም ሾልኮ አይገባም። ቁም ጽሑፍ በገጹ ስታይል ላይ ነው፣ ቴክስት ዳይሬክሽን ውስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ቁም የሚለው።

ኢንኮዲንጉን ለመምረጥ ፋይል መክፈቻው መስኮት ላይ የፋይል ዓይነቱን «ቴክስት - ቹዝ ኢንኮዲንግ» አድርገው።

ሊኑክስ ላይ አይኤምኢው ሞዝክ ነው፤ ከጎግል የጃፓንኛ መጻፊያ የወጣ ክፍት ፕሮግራም ነው፣ በአይባስ ወይም በኤፍሲቲክስ (የመጻፊያ ማስተናገጃ ፕሮግራሞች) በኩል ይጫናል። ማክ ላይ ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ «ጃፓኒዝ - ሮማጂ» ጨምር። እዚያ ስፔስ ሳትጫን ካንጂው በራሱ እየተቀያየረ ካስቸገረህ «ላይቭ ኮንቨርዥን» የሚለውን አጥፋው።

ግዕዝና ጃፓንኛ በአንድ ሰነድ ለሚቀላቅል፦ ሁሉን መርጦ አንድ ፎንት መስጠት አይሠራም፣ የግዕዝ ፎንቶች በአብዛኛው ካንጂ የላቸውም። ለጃፓንኛው አንድ የፊደል ስታይል፣ ለአማርኛው ሌላ ሥራ።


መልስ ከ፦ ባለፊደሉ

ነፃ_ሰሌዳ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትልክ። ተቀባዩ ጃፓንኛ ፎንት ከሌለው በወርድ ኦፕሽንስ «ሴቭ» ውስጥ «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚል አለ፣ ግን የጃፓንኛ ፎንት በሺዎች የሚቆጠር ካንጂ ስለሚይዝ ፋይሉ በብዙ ሜጋባይት ያብጣል። የተጠቀምክባቸውን ፊደሎች ብቻ እንዲያስገባ የሚለውን ብትጨምርበት ይቀንሳል፤ ያኔ ግን ተቀባዩ ያነባል እንጂ አዲስ ካንጂ ሊጽፍበት አይችልም። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርገህ ላክ፣ የሚታረም ከሆነ የወርዱን ላክና የትኛውን ፎንት እንደተጠቀምክ ኢሜይሉ ላይ ጻፍለት።

የጃፓንኛ ድርሰት በፊደል እንጂ በቃል አይለካም፤ መደበኛው ባለ ፍርግርግ ወረቀት 20 በ20 ሆኖ 400 ፊደል ይይዛል። ወርድ ከታች በግራ የሚያሳየውን ቁጥር ተጭነህ ክፈትና «ካራክተርስ (ኖ ስፔስስ)» የሚለውን ነው የምታየው።